የልኬት ደብተሬ የኋላ ገጾች

ወንድሜ ከጫት ሱስ ጋር ስላደረገው ትግል የጻፍሁትን ይህን ጽሑፍ ከማውጣቴ በፊት እሱ ራሱ አንብቦታል። ስሙን፣ የሚማርበትን ትምህርት ቤትና የጓደኞቹን ነገር አጥፊልኝ አለኝ፤ አጠፋሁ። ሌላውን «ይኑር፣ እንደኔ የሆነ ልጅ ያነበው ይሆናል» አለ። ስለዚህ እዚህም ቤት እንደምጠራው ወንድምዓለም እለዋለሁ። እሱ እታለም ይለኛል።

ባሕር ዳር ዓባይ ማዶ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ልብስ እሰፋለሁ። አብዛኛው ሥራዬ የተማሪ ዩኒፎርም፣ ሱሪ ማሳጠርና ዚፕ መቀየር ነው። ፊት ለፊቱ ሱቅ ነው፣ ከመጋረጃው ጀርባ እንኖርበታለን። ወንድምዓለም በ2015 መስከረም ከአዴት ገጠር 9ኛ ክፍል ሊማር ሲመጣ 14 ዓመቱ ነበር። የጎጃም ሰው ይህን ኑሮ ያውቀዋል። በእኛ ቀበሌ 8ኛ ክፍል ሲያልቅ ልጅ ከተማ ገብቶ ከዘመድ ይጠጋል፣ ዘመድ ከሌለው ሦስት አራት ሆነው ቤት ይከራያሉ። ስንቅ በየ15 ቀኑ ይመጣል። የእናታችን ስንቅ በሶ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ አንዳንዴም በነጠላ ቁራጭ የታሰረ ቆሎ ነው። ወንድምዓለም ስንቁ ሲደርስ ከመፍታቱ በፊት ጨርቁን አፍንጫው ላይ አድርጎ ያሸተው ነበር። እኔ ደግሞ ሥራ ስለሚበዛብኝ «ፍታውና ዕቃውን መልስ» እለው ነበር።

በ2015 ነሐሴ አገሩ ታወከ። መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ትምህርት ሲቋረጥ ሲቀጥል፣ ስልክም ገጠሩ ድረስ አልሄድ ሲል ስንቁም የእምየም ድምፅ ለወራት ጠፋ። እኔን የሚያሳስበኝ የቤት ኪራይና የክር ዋጋ ነበር። 15 ዓመት የሞላው ልጅ ከመጋረጃ ጀርባ ምን ሲያስብ እንደሚውል አልጠየቅሁም።

የጀመረው ለጥናት ነው። ትምህርት ሲከፈት ያመለጠውን ለማካካስ ከእሱ በዕድሜ ከፍ ያሉ ልጆች ክፍል ሄዶ ሌሊት ያጠናል፤ እነሱ ይቅማሉ፣ እሱም ቀመሰ። ባሕር ዳር ዙሪያ ጫት ከጓሮ ነው የሚመጣው፤ ፍለጋ የሚያስኬድ ነገር አይደለም። ከጫቱ ሲጋራ ተከተለ። ምርቃናው እንቅልፍ ሲከለክላቸው ደግሞ ለጨብሲ፣ ምርቃናውን በመጠጥ ለመስበር፣ ወደ ግሮሰሪ መውረድ መጣ። በ2011 የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። የ15 ዓመት ልጅ ግን ዩኒፎርሙን አውልቆ ገብቶ አረቄ ሲያዝ ዕድሜውን የጠየቀው አንድ ሰው አልነበረም። ይህ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

እኔ ቤት ምልክቱ ሁሉ ነበር። እራት አይበላም። ሌሊት አምፖሉን አጥፍቶ ዓይኑ ፈጦ ይተኛል፣ ጠዋት ሬሳ ይሆናል። ለዚፕ መግዣ መሳቢያ ውስጥ የማስቀምጣት ብር ትጎድላለች፤ ቆጠራ ተሳስቼ ነው እላለሁ። አንድ ቀን ዩኒፎርሙን ላጥብ ቦርሳውን ስገለብጥ ገራባው ወለሉ ላይ ፈሰሰ፤ የተለቀመበት ቀንበጥና የጠወለገ ቅጠል።

ያን ቀን ያደረግሁትን ሁሉ ልናገር። ጮህሁ፣ ጎረቤት እስኪሰማ። ስልኩን ቀማሁት። በእሑዱ ማኅበር ላይ ለዘመድ ሁሉ ተናገርሁ፣ እያለቀስሁ። አጎታችን መጥቶ ገረፈው፤ እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። ትምህርት ቤትም ብሶ ጠበቀው፤ አንድ መምህር በሰልፍ ላይ ከልጆች ሁሉ ፊት አውጥቶ «ይኸው ቃሚው» አለው። ከዚያ ሰልፍ በኋላ ለሁለት ሳምንት ትምህርት ቤት ረግጦ እንዳላወቀ የነገረኝ ዘንድሮ ነው።

ቀጥሎ የእምየ እህት ወደ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ጸበል ይዛው ሄደች። ሁለት ሱባኤ ቆየ፣ 14 ቀን። መጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ዱካክ ይይዘው ነበር፤ እየጮኸ ይባንናል። ጫት የለመደ ሰው ሲያቋርጥ እንቅልፉ በቅዠት ተሞልቶ ነው የሚመለሰው፣ በቀናት ውስጥ ይረጋጋል፤ እኔ ይህን ስለማላውቅ ክፉ መንፈስ ነው ብዬ ነበር የተንቀጠቀጥሁት። ከጸበሉ ሲመለስ ፊቱ ጠርቶ፣ በልቶ፣ ተኝቶ መጣ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለቀ አልሁ።

በዘጠነኛው ቀን ቃመ።

ጸበል አይሠራም የሚለኝ ሰው ካለ አልስማማም። ልጁን በሕይወት ያገኘነው እዚያ ነው። ግን ግሽ ዓባይ ላይ ጫት ቤት የለም፣ እነዚያ ልጆች የሉም፣ ሰልፍ ላይ የሰደበው መምህር የለም፣ በየሰዓቱ ጸሎት አለ፣ አጠገቡ አክስቱ አለች። ዓባይ ማዶ ሲመለስ ሁሉም ነገር በቦታው ቆሞ ጠበቀው። ልጁ ጸድቶ መጣ እንጂ ሲከፋው ምን እንደሚያደርግ ማንም አላስተማረውም። እኔም አላውቅም ነበር።

ማታ ሲገባ ጉንጩ ያስታውቃል። አፌ ላይ የመጣው «ድሮም አውቀው ነበር» የሚል ቃል ነው። ምንም አልመለሰልኝም። ጃኬቱን አንስቶ ወጣ፣ አራት ቀን ጠፋ። በእነዚያ አራት ቀናት የቃመውና የጠጣው ከዚያ በፊት በወር ውስጥ ከቃመው ይበልጣል። በኋላ ስጠይቀው እንዲህ አለኝ፦ «አንቺም ካወቅሽው፣ እኔም ካወቅሁት፣ ለምን እታገላለሁ ብዬ ነው።»

ኮት ልታስጠብብ የመጣች ደንበኛዬ ናት ዓይኔን አይታ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ ያለችኝ። እብድ አይደለም ብዬ ተቆጣሁ። ሳምንት ቆይቼ ወሰድሁት።

ያገኘችን ሲስተር ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። አልመከረችውም፣ አልተቆጣችውም። «መጨረሻ የቃምህ ቀን፣ ከመቃምህ ከ1 ሰዓት በፊት ምን ተሰማህ?» አለችው።

«ደበረኝ።»

«ከዚያ በፊት የቃምህ ጊዜስ?»

«ደብሮኝ ነበር።»

«ጠፍተህ የከረምህ ጊዜ?»

«በጣም ደበረኝ።»

ወደ እኔ ዞረች። «አንቺስ ሲከፋሽ ምን ትያለሽ?» አለችኝ። አስቤ አስቤ «ምንም አልልም» አልኋት። እውነቴን ነው። እኛ ቤት ያደግነው በ«ሆድ ይፍጀው» ነው። አባታችን በሬው ሲሞትበት እንኳ ሦስት ቀን ዝም ብሎ አራተኛው ቀን እርሻ ወረደ። እምየ ስታለቅስ ያየኋት ለቅሶ ቤት ብቻ ነው፣ እዚያ ማልቀስ ስለሚፈቀድ።

ሲስተሯ ያስረዳችን ነገር ይህ ነው። ትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ለሰዓታት ያነቃል፣ ያስደስታል። ቅጠሉ ሲደርቅ ስለሚጠፋም ነው ቃሚ ሁሉ ትኩሱን የሚፈልገው። ምርቃናው ሲወርድ ግን ድብርት ይመጣል፤ ያ ድብርት ከራሱ ከጫቱ ነው። እሱን ለማባረር በማግስቱ ይቃማል። እንዲህ ሲሆን ልጁ የራሱን ሐዘንና የጫቱን ድብርት መለየት ያቅተዋል፣ ሁለቱም «ደበረኝ» ይሆናሉ። የልጆች ነገር ደግሞ ከትልቅ ሰው ይከፋል አለች፤ ስሜትን የሚገታው፣ ነገ ምን ይሆናል ብሎ የሚያሰላው የአንጎል ክፍል በስሎ የሚያልቀው ሰው 20 ዓመቱን ካለፈ ከዓመታት በኋላ ነው። በ15 ዓመት ስሜቱ ሙሉ ነው፣ ልጓሙ ገና እየተሠራ ነው።

አለን ማርላት የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከሱስ ወጥተው የተመለሱ ሰዎችን «ያን ቀን ምን ሆነህ ነበር?» እያለ አጥንቶ ነበር አለችን። ከአራቱ ሦስት የሚጠጋው የመለሳቸው ነገር ከሦስት አንዱ ነው፦ ክፉ ስሜት፣ ከሰው ጋር መጋጨት፣ ወይም የጓደኛ ግፊት። ይህን ስሰማ ደነገጥሁ። እኔ እኮ ወራት ሙሉ ኪሱን ስፈትሽ ነበር፤ መፈተሽ የነበረበት ሌላ ቦታ ነው።

የቤት ሥራ ሰጠችን። ማታ ማታ «ደበረኝ» የሚለውን ቃል ሳይጠቀም ስሜቱን ይናገር፣ ከ1 እስከ 10 ቁጥር ይስጠው። መጻፊያ ደብተር አልነበረንም። የደንበኞቼን ልኬት የምጽፍበትን ደብተር ገለበጥሁና ከኋላ ጀመርን። እስከ ዛሬ ያው ደብተር ነው። ከፊት «ትከሻ 42፣ ደረት 94፣ ወገብ 80» ይላል፤ ከኋላ የእሱ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ገጾች ባዶ ናቸው ማለት ይቻላል። «ዛሬ ምን ተሰማህ?» «ምንም።» «ቁጥሩስ?» «5።» በየቀኑ 5። ሰው ሆዱን ከፍቶ የማያውቅ ከሆነ ክፈት ስላሉት አይከፍትም። እኔ መጀመር እንዳለብኝ የገባኝ በስምንተኛው ቀን ነው። አንዲት ደንበኛ ሰፍቼ የጨረስሁትን ቀሚስ ልኩ አይደለም ብላ ሳትከፍል ወርውራልኝ ሄዳ ነበር። ማታ ብዕሩን ይዤ «እኔ ዛሬ ተዋርጃለሁ፤ 8» ብዬ ጻፍሁ። ደብተሩን ስቦ አየው። ብዙ ቆይቶ «ሰልፍ ላይ ያወጣኝ ቀን እኔም እንደዚህ ነው» አለ። የሰልፉን ነገር የሰማሁት ያኔ ነው፤ ያውም ግማሹን።

ከዚያ በኋላ ቃላት መምጣት ጀመሩ። አማርኛችን ለዚህ ነገር ድሃ አይደለም፣ እኛ ነን ያላወጣነው። ከፋኝ አለ፣ ቅር አለኝ አለ፣ ሆድ ባሰኝ አለ። የኋለኞቹን ሁለቱን ለመለየት አንድ ሙሉ ማታ አውርተናል። ቅር ያለው ሰው የሚፈልገው አንድ ይቅርታ ነው፣ ሆድ የባሰው ሰው ግን የሚያባብለው ሰው ነው የሚያስፈልገው። ተቆጨሁ አለ፣ አፈርሁ አለ። ማፈርና መቆጨት ለእሱ እንዴት እንደሚለያዩ ሲነግረኝ ስፌቴን አቁሜ ነው የሰማሁት፦ «ስቆጭ ደብተሬን መክፈት እፈልጋለሁ፤ ሳፍር መጥፋት ነው የምፈልገው።» የሚቅመው ሲያፍር ነበር። ሲናደድ ይጠጣል። ባዶ ባዶ ሲለው ያጨሳል። ሁሉንም «ደበረኝ» ይለው ነበርና ለሁሉም ያለው መድኃኒት አንድ ሆኖ ነበር።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን ምንም ሳልጠይቀው መጥቶ ደብተሩ ላይ «ናፍቆት 9» ብሎ ጻፈ። ምን እንደናፈቀው ጠየቅሁት። «የስንቁ ጨርቅ ሽታ» አለ። እምየ ጨርቁን የምታኖረው ከሶፍያና ከአሪቲው አጠገብ ነው፤ ያን ነበር የሚያሸተው። በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ስለ እናቱ አንድ ቃል አልተናገረም ነበር፣ እኔም እንዳላስከፋው ብዬ አላነሳባትም። ተያይዘን አለቀስን። ያን ቀን ጫት አምሮት ነበር፣ ቁጥሩ 9 ነበር፣ አልቃመም።

ሐራራው በመጣ ቁጥር እንዲህ ተያይዘን አልቅሰን አይደለም የሚያልፈው። ብዙውን ጊዜ የሚያልፈው በሱሪ ነው። ሲስተሯ እንዳለችው ሐራራ ሲመጣ እየጨመረ ይሄድና ጫፍ ይደርሳል፣ ካልመገቡት ራሱ ይወርዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ነው። ሰው የሚሸነፈው እየጨመረ ብቻ የሚሄድ ስለሚመስለው ነው። እኔ ቤት ደግሞ ሁልጊዜ የሚተረተር ነገር አለ። ሱሪ ለማስረዘም መጀመሪያ የእግሩን እጥፋት ስፌት መተርተር ያስፈልጋል። ወንድምዓለም ትንሿን መቀስ ይይዛል፣ ክሩን በየሦስት አራት ቀዳዳው ይቆርጣል፣ ከዚያ አንዱን ጫፍ ይዞ ቀስ አድርጎ ይስበዋል። ከተጣደፈ ጨርቁ ይቀደዳል። የተቆረጡትን ክሮች አንድ በአንድ በጥፍሩ ይለቅማቸዋል፣ ጉልበቱ ላይ ይከምራቸዋል። አንድ ሱሪ፣ ሁለት እግር፣ በእሱ እጅ 25 ደቂቃ ይፈጃል። ሲጀምር ቁጥሩን ይነግረኛል፣ ሲጨርስም ይነግረኛል። «8» ይላል፤ ክሮቹን አራግፎ ሲነሳ «4»። ሱሪ ባይኖር ያረጀ ኮት እሰጠዋለሁ። አንድ ምሽት ሦስት ሱሪ ተርትሯል፤ ያን ምሽት እኔም አልተኛሁም።

ሌላው ቀላል ነው፣ ግን ሳይሠራ የሚቀር ቀላል ነገር ነው። ሲርበው፣ ሲናደድ፣ ብቻውን ሲውል ወይም ሲደክመው ሐራራው ይበረታል። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ሲመለስ መጀመሪያ ምሳ፣ ከዚያ ሌላ ወሬ። ከጫት ቤቶቹ ፊት የሚያሳልፈውን መንገድ ተወ፤ ዙሪያ መንገዱ 15 ደቂቃ ይረዝማል። ስልኩን መለስሁለት። መቀማቴ የቆረጠው ከሚቅሙት ጓደኞቹ ጋር ብቻ ሳይሆን ከማይቅመው አንድ ጓደኛውም ጋር ነበር፤ ዛሬ ሲጨንቀው የሚደውለው ለዚያ ልጅ ነው።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። ወንድምዓለም ከዚህ ሁሉ በኋላም ሁለት ጊዜ ቅሟል። ሱስ እንደ ደም ግፊትና እንደ አስም የሚመለስ ሕመም ነው፤ ታክመው ከተሻላቸው ሰዎች ከ100 ከ40 እስከ 60 የሚሆኑት እንደሚመለስባቸው የአሜሪካ ብሔራዊ የሱስ ጥናት ተቋም ይናገራል። የመጀመሪያው ቀን ራሱ መጥቶ «አገረሸብኝ» አለኝ። ቃሉ አስፈራኝ። ወባ ሲያገረሽ አውቃለሁ፤ ሰውን ከአልጋ ያውለዋል። ፊቴ ሳይለወጥ አልቀረም፣ ምክንያቱም ጃኬቱን ሲያይ አየሁት።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ለሲስተሯ ነገርኋት። «በሁዳዴ አንድ ቀን ሳታስቢው ቅቤ የነካው ወጥ ቀመስሽ እንበል። ምን ታደርጊያለሽ?» አለችኝ። «ገደፍሁ እላለሁ፣ ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ» አልኋት። «ከዚያስ? አንዴ ገድፌያለሁና ብለሽ ሥጋ ቤት ትሄጃለሽ?» «ኧረ በስመ አብ! በማግስቱ እጾማለሁ እንጂ።» «እንግዲያው እሱም ገደፈ እንጂ አላገረሸበትም» አለች። ማርላት ያጠናውም ይህንኑ ነው ብላ ጨመረች። አንድ ጊዜ መሳት ብቻውን ሰውን ወደ ሱሱ አይመልሰውም፤ የሚመልሰው «በቃ፣ እኔ ሰው አልሆንም» የሚለው ሐሳብ ነው። ያን ሐሳብ አፌን ከፍቼ የሰጠሁት እኔ ነበርሁ፣ ያኔ «ድሮም አውቀው ነበር» ያልሁት ጊዜ።

ከዚያ ጀምሮ እኛ ቤት ሁለት ቃል አለ። አንዴ ሲሆን «ገደፍሁ» ይባላል፣ በዚያው ቀን ይነገራል፣ የጠፋው ስሜት ይፈለጋል፣ በማግስቱ ይቀጠላል። «አገረሸ» የሚለውን ለሌላ ጊዜ ትተነዋል። ሁለተኛውን ጊዜ ሲገድፍ በ1 ሰዓት ውስጥ ነው የነገረኝ።

እኔም የምማረው ብዙ ነው። ስናደድ ዝም ስለምል እንደማያውቅብኝ ይመስለኝ ነበር። አንድ ማታ «እታለም፣ ዛሬ በማን ተናደድሽ?» አለኝ። እንዴት አወቅህ ስለው «በመኪናው ነዋ» አለ፤ ስናደድ ፔዳሉን እንደምደበድበው ለካ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ ለዓመታት ሲሰማ ኖሯል። «በእኔ እየመሰለኝ ነው የምወጣው» አለኝ። አሁን ፔዳሉ ሲጮህብኝ አቆምና በማን እንደተናደድሁ ጮክ ብዬ እናገራለሁ። በእሱ ከሆነም «በአንተ ነው፣ ዕቃ ሳታጥብ ስለሄድህ ነው» እለዋለሁ። ዕቃውን ያጥባል፤ አይጠፋም።

በዚህ በ2018 ጥር መንገዱ ትንሽ ሻል ሲል የአጎታችን ልጅ ሠርግ አዴት ገጠር ተባለ። ወንድምዓለም ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎታል፣ አሁን 17 ዓመቱ ነው። እኔ የዩኒፎርም ሥራ ይዞኝ አልሄድም። በጎጃም ሠርግ ላይ አረቄ እንቢ ማለት ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ የአገሬ ሰው ያውቀዋል፤ ቤቱን መናቅ ነው። ስለዚህ ሦስት ማታ ተለማመድን። እኔ አጎታችንን ሆንሁ። ጋቢዬን ደረብሁ፣ መለኪያ ይዤ ፊቱ ቆምሁ።

«ና እንጂ የኔ ጌታ! ከተማ ገብተህ አረቄያችንን ናቅኸው?»

የመጀመሪያው ማታ መሬት መሬት አየ። ሁለተኛው ማታ «መድኃኒት ላይ ነኝ» አለ፤ ግን «ውሸት ስናገር አፌ ይያዛል፣ ሌላ እንፈልግ» አለኝ። ሦስተኛው ማታ ቀና ብሎ «አጎቴ፣ እኔ መጠጥ አይስማማኝም። ይልቅ እንጀራውን ላሳልፍ» አለ። ይህ ጥሩ ነው። አሳላፊ ሆኖ ሞሰብ የያዘን ልጅ ቁጭ ብለህ ጠጣ የሚለው የለም። ስልክ የት ላይ እንደሚሠራም አሰብን፤ ከቤታችን በላይ ያለው ኮረብታ ላይ አልፎ አልፎ ይይዛል።

ዓርብ ሄደ። ቅዳሜ ሠርጉ ነበር። ማታ ስደውል አይሠራም፣ ሌሊቱን ስደውል አይሠራም። እሑድ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ስፌት ላይ ሆኜ ስልኩ ጮኸ።

«እታለም።»

«አቤት ወንድምዓለም።»

«ገደፍሁ።»

እግሬን ከፔዳሉ ላይ አነሳሁ።

«ስንት?»

«አንድ መለኪያ። ሁለተኛውን ሲቀዱልኝ ጥዬ ወጣሁ፣ ከበረቱ ኋላ ቆምሁ። ማታውኑ ልነግርሽ ነበር፣ ስልኩ እንቢ አለኝ።»

«ምን ተሰምቶህ ነበር?»

ነፋሱ በስልኩ ውስጥ ይሰማል። ኮረብታው ላይ ነው ማለት ነው። ብዙ ቆየ፤ ተቋረጠ ብዬ ነበር።

«ሞሰቡን ይዤ እያሳለፍሁ ነበር፣ ደህና ነበርሁ። ከዚያ እምየ ከጓዳ ስትወጣ አየኋት። ፀጉሯ ሁሉ ሸብቷል። ከእኔ ታንሳለች፣ እታለም። ሞሰቡን አስቀመጥሁት። ደበረኝ ልልሽ ነበር… ፍርሃት ነው። ሳላያት ብትሞትስ ኖሮ አልሁ። 9።»

«አሁንስ?»

«አሁን 4። አብሬያት ነው ያደርሁት። ጻፊልኝ።»

ደብተሩን ገለበጥሁት። ጥር፣ እሑድ፣ ፍርሃት 9፣ አሁን 4 ብዬ ጻፍሁ። እየጻፍሁ መሆኔን ለማረጋገጥ «ጻፍሽው?» አለኝ፣ «ጻፍሁት» አልሁት።

«እምየ ስንቅ እያሰረች ነው» አለ። «ሳልፈታው ነው የማመጣው።»